ቤቱ በማን ስም ነው?

የቲቶ ቤት የተቃጠለው በጠራራ ፀሐይ ነው። ጠዋት ሄዶ የነበረው መብራት እኩለ ቀን ላይ በኃይል ሲመለስ ከጣሪያው ሥር ያለች አሮጌ ሽቦ ብልጭ አለችና ኮርኒሱን አቀጣጠለችው። ኮርኒሱ ደግሞ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። የሰፈሩ ሰው በባልዲና በጀሪካን ውሃ ይዞ ሲደርስ ቆርቆሮው እየተጣጠፈ መውረድ ጀምሯል። ቲቶ ሚስቱንና ልጆቹን ካስወጣ በኋላ እንደገና ገብቶ ይዞት የወጣው ነገር ቢኖር የመኝታ ቤቱን በር ነው፤ ከነማጠፊያው ነቅሎ። ለምን በሩን እንደመረጠ ሲጠየቅ «እኔ ምን አውቄ፣ እጄ ያገኘው እሱን ነው» አለ።

ውሃ ሲያመላልሱ ከነበሩት መካከል ልብስ ሰፊዋ ሆሳዕና አንዷ ነበረች። የእሷን ቤትና የቲቶን ቤት የሚለያቸው አንድ ቀጭን መተላለፊያ ነው። ያን ቀን ነፋሱ ቁልቁል ወደ ወንዙ ባይነፍስ ኖሮ ቀጥሎ የሚነደው የእሷ ነበር። ይህን ሁላችንም አይተናል፤ አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን የለም።

እኔ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ አለኝ። ሆሳዕናን ወደዚህ ሰፈር በሙሽርነት ከመጣችበት ጊዜ ጀምሮ አውቃታለሁ። ከዚህ በታች የማወራውን አብዛኛውን የነገረችኝ ራሷ ናት። ጥቂቱን ከአማቷ ከእማማ ንጋቷ ሰማሁ፣ የቀረውን በዓይኔ አየሁ።

ሆሳዕና የሸዋ ቤንች ልጅ ናት፤ የወንጌል አማኝ ቤተሰብ ያሳደጋት። ወደ ሚዛን የመጣችው ለትምህርት ነበር። ትምህርቱ ሳይሆን ስፌቱ ያዛት። ባሏን ሸዋንግዛውን ያገኘችው ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ነው። ሸዋንግዛው ከበበቃና ከቴፒ ቡና እየጫነ አዲስ አበባ የሚያደርስ ሾፌር ነበር። አባቱ በመንግሥት የቡና እርሻ ዘመን ከወሎ ለሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እናቱ እማማ ንጋቷ ደግሞ ከማርያም ደጃፍ የማይለዩ። ጋብቻው በሁለቱም ወገን ጉርምርምታ አስነስቶ ነበር። «ጴንጤ ምራት! እንግዲህ በፍልሰታ ሥጋ ልታስሸትተኝ ነው» ብለው ነበር ያኔ እማማ ንጋቷ። ሆሳዕና ግን እሳቸው በሚጾሙበት ቀን ሥጋ ከዚያ ቤት ደጃፍ አሳልፋ አታውቅም። እሳቸውም ውለው አድረው ይህን ሳያስተውሉ አልቀሩም።

ሸዋንግዛው ከጅማ ወዲህ አንድ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። ከለቅሶው በኋላ ሰው ሁሉ «እንግዲህ ወደ ወላጆቿ ትመለሳለች» ብሎ ጠበቀ። አልተመለሰችም። እማማ ንጋቷ ሂጂ አላሏትም፤ እሷም ልቀመጥ ወይ ብላ አልጠየቀች። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ሳይነጋገሩ አብረው መኖር ቀጠሉ። እሑድ ጠዋት አንዷ ወደ ማርያም፣ ሌላዋ ወደ ጸሎት ቤቷ ይሄዳሉ፤ ምሳ ላይ ይገናኛሉ።

ቤቱን የሠሩት ሟቹ የእማማ ንጋቷ ባል ናቸው። የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው፤ ሆኖም ደህና ተደርጎ የተመረገ። ከዚያ ወዲህ የተጨመረበት ሁሉ የሆሳዕና ላብ ነው። ግድግዳውን በሲሚንቶ አስለሰነች፣ ወለሉን አስደለደለች፣ የፊተኛውን ክፍል መስኮት ወደ መንገድ አስከፍታ ሁለት የስፌት መኪናና የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝም አንድ ኦቨርሎክ አስገባችበት። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የሰፈሩ ተማሪ ዩኒፎርም ግማሹ የሚወጣው ከዚያ መስኮት ነው።

ከእሳቱ በኋላ ሆሳዕና ሥራ አቃታት። አንድ ቀን ክር ልትገዛ መጥታ ባንኮኒው ላይ ክርኗን አስደግፋ ቀረች።

«ጨርቁ ሁሉ ጭስ ጭስ ይለኛል» አለችኝ።

«ከቲቶ ቤት የመጣ ነው፣ ይለቃል።»

«እሱስ ይለቃል። መደርደሪያዬ ላይ ያለው ግን የሰው ጨርቅ ነው፤ የራሴ ቢቃጠል አልቅሼ ዝም እላለሁ። ለሰው ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

እኔም እንደ ዋዛ «ታዲያ ኢንሹራንስ የሚሉት አለ አይደል?» አልኳት።

«እሱ ለመኪና ነው እንጂ ለጭቃ ቤት ማን ይሰጣል?»

«ሄደሽ ጠይቂያ። መጠየቅ ማንን ገደለ?»

ያን ሳምንት በጸሎት ቤቷ ከምታውቃቸው ጋር ነገሩን አንስታ ነበር። አንድ ሽማግሌ «እህታችን፣ መድናችን ጌታ ነው፤ ሌላ መድን ምን ያደርግልናል?» አሏት። አጠገባቸው የተቀመጠው የቤተ ክርስቲያኑ ሾፌር ጉሮሮውን ጠርጎ «አሜን ነው አባቴ፤ ግን የጌታን መኪናም ቢሆን ያለ ሦስተኛ ወገን መድን ትራፊክ አያሳልፋትም» ሲል ሽማግሌው ራሳቸው ሳቁ። ሆሳዕና በማግሥቱ ሥራዋን ዘግታ ወጣች።

መጀመሪያ የገባችው መናኸሪያው አካባቢ ባለ መስታወት በር ቢሮ ነው። ከረባት ያሰሩ ጎልማሳ ሰው በክብር ተቀብለው አስቀመጧት።

«የቤቱ ግድግዳ ከምንድን ነው?»

«ከእንጨትና ከጭቃ ነው። ግን በሲሚንቶ ተለስኗል።»

ሰውየው እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «ብሎኬት ቢሆን ኖሮ ደስ ባለን።»

«ብሎኬት ቤት ይቃጠላል እንዴ?»

«እንደ እንጨቱስ አይሆንም።»

«እንግዲያው ዋስትና የምትሰጡት ለማይቃጠለው ነዋ!»

ሰውየው ሳቁ፤ የፌዝ ሳቅ ግን አልነበረም። «መመሪያችን ነው፣ እኔ አላወጣሁትም። ጭቃ ቤት የሚቀበሉ አሉ። አንዱ ባይሆን ሌላው ይሆናል፤ በመጀመሪያው ተስፋ እንዳትቆርጪ» ብለው እስከ በሩ ሸኟት።

ሁለተኛው ቢሮ ያገኘችው ወጣት «እህቴ፣ ነይ ቁጭ በይ» ብሎ ወንበሩን በእጁ ጠራርጎ ሰጣት። ጭቃ ነው ብትለው «ምን ችግር አለ!» አላት። እሳት? ይካተታል። ጎርፍ? ይካተታል። ሌባ? እሱም ይካተታል። ዓመታዊ ክፍያው፣ እነሱ አረቦን የሚሉት፣ ከፈራችው በታች ሆነላት። ልቧ ረጋ አለ። ከዚያ የስፌት መኪናዎቹን አነሳች።

«ቤቱ ውስጥ ሥራ ትሠሪያለሽ?» አለ ወጣቱ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሱን እንኳ ባታነሺው ይሻላል። ዝም ብለን መኖሪያ ቤት ብለን እንጻፈው፤ ይረክስልሻል።»

«እሳት ቢነሳና መጥታችሁ መኪናዎቹን ብታዩስ?»

«ኧረ እሳት አይነሳ! ለምን ክፉ ክፉውን ታስቢያለሽ?»

ሆሳዕና አመስግና ወጣች። መንገድ ላይ ስትሄድ ነው ነገሩ የከነከናት። «ክፉ ክፉውን ለማሰብ አይደለም እንዴ የሄድኩት?» አለችኝ፤ በኋላ ስታጫውተኝ።

ሦስተኛው ቢሮ ወደ አማን በሚወስደው መንገድ፣ ከመድኃኒት ቤት በላይ ፎቅ ላይ፣ ከወጣቱ ቢሮ ማዶ ነው። እዚያ ያገኘቻት ማራናታ የምትባል ሴት ናት፤ መነጽር ያደረገች፣ ቀስ ብላ የምትናገር። ይህቺኛዋ ጥያቄዋ አያልቅም። ወጥ ቤቱ ከዋናው ቤት ጋር የተያያዘ ነው? ሽቦውን ማን ዘረጋው፣ መቼ? ጓሮው ውስጥ ትልቅ ዛፍ አለ? ስፌቱ ምን ያህል ሰው ያሠራል? ሆሳዕና ሁሉንም መለሰች። ማራናታ እየጻፈች የማይካተተውን ትነግራት ጀመር።

«አሮጌው ወጥ ቤት አይካተትም። በእርጅና የሚያፈስ ጣሪያ አይካተትም። ነፋስ የገነጠለው ግን ይካተታል። የደንበኞችዎ ጨርቅ ለብቻው ካልተመዘገበ አይካተትም፤ ከተመዘገበ ደግሞ ክፍያው ይጨምራል።»

የሆሳዕና ፊት ጠቆረ። «ማዶ ያለው ሁሉም ይካተታል ብሎኝ ነበር።»

ማራናታ ማዶ ስላለው ሰው ክፉ አልተናገረችም። «እንግዲያው በወረቀት ይጻፍልዎ። የሚከፈለው የተጻፈው ነው» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «ቤቱ በማን ስም ነው?»

«በአማቴ።»

«ስለዚህ ውሉን የሚዋዋሉት እሳቸው ናቸው። እርስዎ ምናቸው ነዎት?»

«የልጃቸው ሚስት ነበርኩ።»

«ነበርኩ» የሚለው ከአፏ ሲወጣ ራሷን አስደነገጣት። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲያ ብላ ተናግራ አታውቅም ነበር።

ቤት ስትደርስ እማማ ንጋቷ በረንዳ ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብላ ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻቸው።

«ቤቴ ሳይቃጠል ስለ መቃጠሉ ልዋዋል?» አሉ።

«እንዲቃጠል አይደለም እማማ። ከተቃጠለ እንድንሠራው ነው።»

«ከኔ ምን ይፈልጋሉ?»

«ፊርማዎን። ካርታውንም ያያሉ።»

የእማማ ንጋቷ ጣት ምስሩ ላይ ቆመ። «ካርታዬን?» አሉ። ምስሩን ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ።

በማግሥቱ ቴፒ ወዳለው ልጃቸው ወደ ይሄይስ ደወሉ። ይሄይስ የሸዋንግዛው ታላቅ ወንድም ነው፤ ቡና ሰብሳቢ፣ ሥራ የሚበዛበት ሰው። ሆሳዕና የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ከግድግዳው ወዲያ «ካርታውን ፈልጋለች» ሲሉ ሰማች። የይሄይስን መልስ አልሰማችም፤ እኔ ግን በኋላ ከራሱ ሰምቻለሁ። «እማዬ፣ ጣትሽን የትም እንዳታሳርፊ» ነበር ያላቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ዝምታ ገባ። ክፉ ቃል አልተነጋገሩም፤ እንደ ወትሮው አብረው ይበላሉ፣ ይመራረቃሉ። አንድ ጠዋት ግን ሆሳዕና እንደ ልማዷ የእማማን አልጋ ስታነጥፍ እጇ ትራሱ ሥር አንድ ነገር ነካ። ካርታው ነው፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ዘመኑን ሁሉ ሳጥን ውስጥ የኖረው ካርታ አሁን ትራስ ሥር ገብቷል። ከማን እንደተሸሸገ ለመረዳት ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። ወደ ቦታው መለሰችው፣ አንሶላውን አስተካከለች፣ ከዚያ መንገዱን ተሻግራ ሱቄ ገብታ የማትፈልገውን ክር ገዛች። ዕንባዋን ያየሁት መልስ ስሰጣት ነው።

«ለካስ እንግዳ ነኝ» አለችኝ። ወንበር ሳብኩላት።

የኢንሹራንሱን ነገር ተወችው። ይልቅ የስፌት መኪናዎቹን የምታስገባበት የኪራይ ክፍል ማፈላለግ ጀመረች፤ ቢያንስ የሰው ጨርቅ ከጭቃ ቤት ይውጣ ብላ ነው። ሚዛን ሰው የሚያወራበት ከተማ ናትና ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ደረሰ። እማማ ንጋቷ ከማርያም ሲመለሱ አንዲት ሴት «ምራትሽ ልትለቅ ነው አሉ፣ እውነት ነው?» አለቻቸው።

ራት ላይ እማማ ንጋቷ ጉርሻቸውን ሳያነሱ «ልትሄጂ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ አይደለሁም። መኪናዎቹን ብቻ ነው።»

«መኪናዎቹ ከሄዱ አንቺስ ቀረሽ ወይ?»

ሆሳዕና ውሃ ቀዳችላቸው።

«ሸዋንግዛው ከሞተ ወዲህ» አሉ እማማ ንጋቷ፣ «ጠዋት ከእንቅልፌ የሚያስነሳኝ የመኪናሽ ድምፅ ነው። እሱ ሲጀምር በቃ ነጋ፣ ሰው አለ ብዬ ነው የምነሳው።» ከዚያ እንጀራውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «ብዪ። ነገ ደግሞ ውሰጂኝ። እነዚያን ሰዎች እኔው ራሴ ልጠይቃቸው።»

በማግሥቱ በባጃጅ ወጡ፤ እማማ ንጋቷ የክት ነጠላቸውን ለብሰው፣ ካርታውን በነጠላው ሥር ይዘው። ከሱቄ በር ላይ ሆኜ ሳያቸው ለሠርግ የሚሄዱ ነበር የሚመስሉት።

እማማ ንጋቷ በመጀመሪያ ሁሉም ይካተታል ወዳለው ወጣት ዘንድ ውሰጂኝ አሉ፤ ረከስ ያለው እሱ ነዋ። ወጣቱ «እናቴ» እያለ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው።

«ቤቴ ውስጥ የስፌት መኪና አለ» አሉት ገና ሳይቀመጡ።

«እሱን አናነሳውም እናቴ» አለ ፈገግ ብሎ።

«ለምን? ሰርቀነው ነው?»

እማማ ንጋቷም ሳይቀመጡ ተመለሱ።

ወደ ማራናታ ቢሮ የሚያወጣው ደረጃ ለእሳቸው ጉልበት የሚሆን አልነበረም። ሆሳዕና ብቻዋን ወጥታ ይህን ስትነግራት ማራናታ ወረቀቷን ይዛ ወረደች። ከመድኃኒት ቤቱ ወንበር ተውሳ በረንዳው ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ራሷ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከሆሳዕና እንደሰማሁት እማማ ንጋቷ ልባቸው የተከፈተው ገና አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ያኔ ነው።

«ልጄ፣ ቤቴ ቢቃጠል ካሳውን ለማን ነው የምትሰጡት?»

«ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ለእርስዎ።»

«እኔ ብሞትስ?»

«ለወራሽዎ።»

«ወራሽ ማለት ቴፒ ያለው ልጄ?»

«አዎ፣ እሳቸው ናቸው።»

«ይቺስ?» አሉ፤ ሆሳዕናን በአገጫቸው እያመለከቱ።

ማራናታ መነጽሯን አወለቀች። «እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎ። መኪናዎቹ የእሳቸው ስለሆኑ እነሱን በስማቸው ለብቻ ማስገባት ይቻላል። በቤቱ በኩል ግን እሳቸው እኛ ዘንድ አይታወቁም።»

ሆሳዕና ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። እማማ ንጋቷ ያን ቀን አልፈረሙም። ካርታውን መልሰው በነጠላቸው ሥር አደረጉ። ባጃጁ ውስጥ ግን እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል ነበር የሚደጋግሙት። «አይታወቁም አለች። አይታወቁም! እኔ ስታመም ማን አስታመመኝ? ይቺን ልጅ የማያውቃት ማን ነው?» ሾፌሩ ለእሱ የሚናገሩት መስሎት «እውነትዎን ነው እማማ» ይላል።

ለይሄይስ ራሳቸው ደወሉ። «እሑድ ና» ብቻ ብለው ዘጉት።

ይሄይስ ሙዝና ማር ይዞ መጣ። እኔም እንደ ጎረቤት ሽማግሌ ተጠራሁና ተቀመጥኩ። እማማ ንጋቷ ነገር አላስረዘሙም።

«ይህን ቤት የሁለት ልጆቼ ነው ብዬ ነው ያኖርኩት። አንዱ ልጄ ተቀበረ፤ ድርሻው ግን አብሮት አልተቀበረም። ሚስቱ አለች። ግማሹን በስሟ ላደርግ ነው። ሳትሰማ እንዳይሆን ነው የጠራሁህ።»

ይሄይስ ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ ነገ ብታገባስ? የሌላ ሰው ልጅ አባዬ በሠራው ቤት ይግባበት?»

ጥያቄው የክፋት አልነበረም፤ ማንም ወንድም የሚጠይቀው ነው። መልስ የሰጠችው ሆሳዕና ናት።

«ጋሼ ይሄይስ፣ ላግባ አላግባ እኔም አላውቅም። ቤት ስጡኝ ብዬም አላውቅም። እኔ የሄድኩት አንድ ቀን እንደ ቲቶ ሜዳ ላይ ብንወድቅ የምንነሳበትን ስፈልግ ነው። ይህን ነገር ያመጣው የእነሱ ጥያቄ ነው።»

«ብታገባም ታግባ!» አሉ እማማ ንጋቷ። «ገና ወጣት ናት። እኔስ እስከ መቼ ጥቁር ለብሳ ላያት ነው?»

የይሄይስ ዓይን ቀላ። «ቤቱን ፈልጌ አይደለም እኮ» አለ ወደ እኔ ዞሮ፤ ከሁላችንም እኔ ቀለል ያልኩት መሰለኝ። «አባዬ ይህን ግድግዳ ሲመርጉ ጭቃውን የረገጥነው እኔና ሸዋንግዛው ነን። እየተንሸራተትን እየወደቅን እየሳቅን። እኔ የምፈራው ይህ እንዳይጠፋ ነው።»

ሆሳዕና ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ይሄይስም ምሳ ቀምሶ፣ እሺም እምቢም ሳይል ወደ ቴፒ ተመለሰ። እማማ ንጋቷ «ከፋው» አሉ። ሳምንታት አለፉ። ከዚያ አንድ ቀን ሆሳዕና ስልኳን ስታነሳ እሱ ነው። «ማዘጋጃ ቤት የምትሄዱበትን ቀን ንገሩኝ፤ ምስክር እሆናለሁ» አላት። ምን እንዳሳመነው እስከ ዛሬ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ስም ማዞሩ ቀላል አልሆነም። ዛሬ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ መብራት የለም፣ ከነገ ወዲያ አንድ ማኅተም ጎደለ። እማማ ንጋቷ የማዘጋጃ ቤቱን አግዳሚ ወንበር እንደ ቤታቸው ለመዱት። በመጨረሻ ካርታው ላይ ሁለት ስም ሰፈረ።

ማራናታ ቤቱን ልታይ ራሷ መጣች። ክፍሎቹን አየች፣ ጣሪያውን ቀና ብላ አየች፣ ከስፌቱ ክፍል በላይ የተንጠለጠለችውን ሽቦ ስታይ ግን ራሷን ነቀነቀች። «ይህቺ ካልተቀየረች አልፈርምም» አለች። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርቶ ሽቦው እንደ አዲስ ተዘረጋ። ከዚያ ሁለቱም ፈረሙ፤ እማማ ንጋቷ በአውራ ጣታቸው፣ ሆሳዕና በእጇ። ለቤቱና ለመኪናዎቹ ተዋዋሉ። የደንበኞቹን ጨርቅ ማስገባቱ ያን ዓመት ከበዳትና ለከርሞ ብላ ተወችው።

«ለምን ርካሹን ተውሽው?» ብዬ ጠይቄያት ነበር።

«የማትከፍለውን አስቀድማ የነገረችኝ ሴት የምትከፍለውን አትክደኝም ብዬ ነው» አለችኝ።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ነፋስ መጣ። እኔ ሱቄን ለመዝጋት ስታገል አንድ ነገር ከማዶ ተገንጥሎ በጩኸት መንገዱ መሐል ወደቀ። የሆሳዕና ጣሪያ ነው፤ የስፌቱ ክፍል ቆርቆሮ ከነማገሩ። ስሮጥ ደረስኩ። ሁለቱ ሴቶች ዝናቡ በላያቸው እየወረደ ከባዱን ኦቨርሎክ ይዘው ወደ ውስጥ ይጎትታሉ። እማማ ንጋቷ ነጠላቸው ከጭንቅላታቸው ወልቋል፤ «መኪናውን! መኪናውን!» ይላሉ። ኦቨርሎኩን አወጣነው፤ ሞተሩ ግን ውሃ ጠጥቷል። መደርደሪያው ላይ የነበረው ሰማያዊ የዩኒፎርም ጨርቅ ቀለሙን ለቆ ወለሉን ወንዝ አስመሰለው።

በዕለቱ የደረሰው እድሩ ነው። ላስቲክ ወጥሮ፣ ምስማር መትቶ፣ ቤቱን ለዚያ ቀን ሰው የሚያድርበት አደረገው። ማራናታ በማግሥቱ መጥታ ፎቶ አነሳች፤ ጉዳቱን የሚገምት ባለሙያ ግን ከጅማ ነው የሚመጣው፣ እሱም ቆየ። እማማ ንጋቷ ትዕግሥታቸው አለቀ። «እድሩ ሳልጠራው መጣ፤ ይቺ ከፍዬያት ትቆያለች» እያሉ በእያንዳንዱ ዝናብ ያጉረመርማሉ። ማራናታ በየጊዜው ትደውላለች። «መዘግየቱ የእኛ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ግን አይቀርም» ትላለች።

አልቀረም። የጣሪያው ተከፈለ፣ የሞተሩ ተከፈለ። የጨርቁ አልተከፈለም፤ ሆሳዕናም አልጠየቀች። ወላጆቹን አንድ በአንድ ጠርታ ነገረቻቸው። አብዛኞቹ ቆርቆሮው መንገድ ላይ ሲወድቅ አይተዋልና «አንቺ ብቻ ተርፈሽ» አሏት። አንድ አባት ግን በሰው ፊት ሰደባት። አንገቷን ደፍታ ሰማችው፣ የልጁንም ዩኒፎርም በራሷ ጨርቅ ሰፍታ ሰጠችው። እንዲያ የተጎዳችውን ለማካካስ ብዙ ወራት ፈጅቶባታል። ውሉ ሲታደስ መጀመሪያ ያስመዘገበችው የደንበኞቿን ጨርቅ ነው። እማማ ንጋቷም ማራናታን መንገድ ላይ ሲያገኟት «የኔ ልጅ፣ ዘገየሽ እንጂ አልዋሸሽም» ብለው ሳሟት።

ዘንድሮ ቤቱን ቀለም ሊያስቀቡ ተነሱ። እማማ ንጋቷ አረንጓዴ ካልሆነ አሉ፤ ባላቸው የሚወዱት ቀለም ነበር። ሆሳዕና አረንጓዴ ግድግዳ የጨርቅ ቀለም ያሳስተኛል፣ ነጭ ይሁን አለች። ድሮ ቢሆን «እንዳሉ እማማ» ብላ ዝም ትል ነበር። አሁን ዝም አላለችም። ተጨቃጨቁ፣ ተኮራረፉ፣ ቀቢው መሰላሉን ተደግፎ ይጠብቃል። ጠዋት ሱቄን ስከፍት አንዷ መጥታ ስለ ሌላዋ ታማርረኛለች፤ ከሰዓት በኋላ ሌላዋ። እኔም ለሁለቱም «እውነትሽን ነው፣ እውነትዎን ነው» እላለሁ። ቤቱ አሁን በመንገዱ በኩል ነጭ፣ በጓሮው በኩል አረንጓዴ ነው።